ፍካሬ መጠይቅ፦ ሰውን ስለ ማናገር ጥበብ የቀረበ ሐተታ

መቅድም

ሊቃውንት ስለ ሰማይ ስፋት፣ ስለ ከዋክብት አካሄድ፣ ስለ ባሕረ ሐሳብ ቁጥርና ስለ ጠጅ አጣጣል ብዙ ደክመው ብዙ ጽፈዋል። አንድ ሰው መቅረጸ ድምፅ ይዞ ከሌላ ሰው ፊት ሲቀመጥ በመካከላቸው ስለሚሆነው ምሥጢር ግን ለሊቅ የሚመጥን ሐተታ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ምነው ቢሉ፣ ይህ ጸሐፊ ገና አልጻፈውም ነበርና ነው። እነሆ ጽፎታል፤ ዘመኑ ይደሰት።

ትርጓሜውን እናስቀድም። ቃለ መጠይቅ ማለት አንድ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ሊናገረው ያላሰበውን እውነት፣ ሳይገደድና ሳይታለል፣ በገዛ አንደበቱ ተናግሮ ማታ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሥርዐት ነው። ይህ ሥርዐት እንዳይፈጸም የሚተጉ ጠላቶች ብዙ ናቸው። የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አንዱ ነው፤ የባትሪ ማለቅ ሌላው ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የማይጠፋው የብየዳ ቤትም ይቆጠራል። የጠላቶቹ አለቃ ግን የጋዜጠኛው የራሱ አፍ ነው። ጋዜጠኛው በተናገረ ቁጥር እንግዳው ያርፋል፤ ያረፈ እንግዳ ደግሞ ከመልሱ ይልቅ ማምለጫውን ያስባል። የሐተታችን ዐምድ ይህ ነው። አንባቢ «ስለ ዝምታ ለማስተማር ይህን ያህል መናገር ምንድን ነው?» ብሎ እንዳያጉረመርም እንመክራለን፤ ዝም ማለት ተጠያቂን ለሚጠይቅ እንጂ ሐተታ ለሚጽፍ ሊቅ አልታዘዘም።

ክፍል አንድ፦ ስለ ጥንተ ነገሩ

ፈረንጆች የጥበቡን ልደት ሲተርኩ ሆራስ ግሪሊን ያነሣሉ። የኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ መሥራችና አዘጋጅ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1859 አገር አቋርጦ ሶልት ሌክ ሲቲ ድረስ ሄደና የሞርሞኖችን መሪ ብሪገም ያንግን ለሁለት ሰዓት ያህል ጠየቀ፤ ጥያቄውንና መልሱንም ደርድሮ በጋዜጣው አሳተመ። ከጥያቄዎቹ አንዱ አንድ ሰው ያለው የሚስት ብዛት ቢበዛ እስከ ስንት እንደሚደርስ የሚመለከት ነበር። ያንግም እኔ 15 አሉኝ፣ ከዚህ የሚበልጥ ያለው ሰው አላውቅም የሚል መልስ ሰጡ። ግሪሊ «ሚስት ማብዛትን በተመለከተ ያለዎት አመለካከት ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጀምር ኖሮ እስኪመሽ ስብከት ይሰማ ነበር። ቁጥር ጠየቀ፤ ቁጥር ተሰጠው። ይህን አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ በክፍል ሦስት እንፈልገዋለን።

እኛ ግን ፈረንጅ እስኪጀምር አልጠበቅንም። በላ ልበልሃ የተባለውን የጥንት ሙግት ያየ አባት ስለ ቃለ መጠይቅ ከማን ይማራል? ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ወደ ባላጋራው ዘርግቶ፣ በግጥም እያፋጠጠ ይጠይቃል፤ ተጠያቂውም በግጥም መመለስ አለበት፤ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ደግሞ ማን እንደ ተረታ ከዳኛው ቀድሞ ያውቃል። ከሁሉ የሚደንቀው ውርርዱ ነው። ተሟጋች በነገሩ የሚተማመን ከሆነ በፈረስ፣ በበቅሎ ወይም በማር ይወራረድ ነበር። የዛሬው ጋዜጠኝነት ከዚህ ሥርዐት ምን እንዳጣ አስቡት። አንድ የቢሮ ኃላፊ በቴሌቪዥን «መንገዱ እስከ መስከረም ይጠናቀቃል» ሲሉ ጋዜጠኛዋ «በበቅሎ!» ብትላቸው ኖሮ፣ ወይ መንገዱ ያልቅ ነበር ወይ ጣቢያው የበቅሎ ጋጣ ያስፈልገው ነበር።

ሁለተኛው ምንጫችን አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው ተጠርቶ አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፤ ያጠፋው ሰው እስኪታወቅ ድረስም ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ሊቃውንት ይህን የዳኝነት ሥርዐት ብቻ አድርገው ማየታቸው ያሳዝነናል። እኛ የምናየው ታላቅ የቃለ መጠይቅ ግኝት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የሚቀመጡበት ጊዜ ርዝመት ነው። እርሻው ሳይታረስ፣ ከብቱ ሳይጠጣ የሚውልበት ገበሬ ጠዋት ያላየውን ነገር ወደ ማታ ማየት ይጀምራል። በግልጽ መናገር የፈራ ደግሞ በምሥጢር የሚያሾከሹክበት መንገድ ነበረው፤ ያም ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ዛሬ ጋዜጦቻችን «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ለጉዳዩ ቅርበት ያላቸው ምንጫችን» እያሉ አንድ መስመር ሙሉ የሚፈጁበትን ነገር አባቶች በሁለት ፊደል ጨርሰውታል።

ክፍል ሁለት፦ ስለ ደጅ ጥናት

ሹም ሲፈጠር ስብሰባ ላይ ነበር፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ነው። ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎ መነሣት የጠያቂ የጥበቡ መጀመሪያ ነው። ያልተቀበለ ሰው በኮሪደሩ ላይ ይቆጣል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ «ደብዳቤ ይዘህ ና» ይባላል። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይመራል፣ ከተመራበት ይመለሳል፣ «ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ላኩልን» የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። ጥያቄን አስቀድሞ በጽሑፍ መላክ ፈተናን ከነመልሱ ከመለጠፍ አይለይም። ርእሰ ጉዳዩን መንገር ግን የጨዋ ሥራ ነው፤ ሰው ቁጥር ይዞ እንዲመጣ ዕድል መስጠት ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የማያውቅ ጋዜጠኛ ወይ በር ይዘጋበታል ወይ የተጻፈ መግለጫ ይነበብለታል።

ደጅ መጥናት ግን ባዶ ጊዜ አይደለም። ከሹሙ ክፍል ውጪ ያለችው ወንበር ከውስጥ ካለችው ትበልጣለች ብለን በድፍረት እንናገራለን። ምነው ቢሉ፣ ከውጪ ያለው ሁሉ ያልተዘጋጀ ነውና። በግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ «አገልግሎቱ የሚወስደው ጊዜ፦ 15 ደቂቃ» ይላል። ከቻርተሩ ሥር ደግሞ ፋይል ታቅፈው የተቀመጡ አዛውንት አሉ። «አባባ፣ መቼ መጡ?» ቢሏቸው «የትኛውን ልንገርህ ልጄ?» ይላሉ። ጋዜጠኛው እዚያው የመጀመሪያ ጥያቄውን አገኘ፤ ገና ሹሙን ሳያይ። ጸሐፊዋም አለች። እሷን «እንደምን አደርሽ እህቴ» ብሎ ሰላም ያላለ፣ ሹሙ በየትኛው ሰዓት ልቡ እንደሚከፈት፣ የትኛው ፋይል ለፊርማ እንደ ገባና ሳይፈረም እንደ ወጣ በፍጹም አያውቅም። የጥበቃ ሠራተኛውም ቢሆን ማን በየትኛው መኪና መጥቶ ፊቱ ጠቁሮ እንደ ወጣ ያያል። ሹሙ የሚናገሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመግለጫቸው ላይ ያለውን ነው።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ጥያቄ ደዌያትና ፈውሳቸው

ጥያቄን የሚያጠቁ ደዌዎች ብዙ ቢሆኑም ገዳዩ አንዱ ነው፤ እርሱም የጥያቄ ንግግር ነው። ናሙናውን ሳናሳጥር እናቀርባለን፦

«እንደሚታወቀው ውሃ ሕይወት ነው፤ መሥሪያ ቤታችሁም ለዘርፉ ልዩ ትኩረት በመስጠት በርካታ አበረታች ሥራዎችን እያከናወነ እንደሚገኝ ይታወቃል፤ ይሁንና በኅብረተሰቡ ዘንድ አንዳንድ ቅሬታዎች ሲነሡ ይሰማል፤ ከዚህ አንጻር እየተሠራ ያለው ሥራ ምን ይመስላል፣ ያጋጠሙ ተግዳሮቶችስ ምንድን ናቸው፣ የወደፊት ዕቅዳችሁስ?»

እዚህ ላይ ሹሙ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ይላሉ። መግቢያው ተነግሮላቸዋል፤ ምስጋናው ተሰጥቷቸዋል፤ ቅሬታው «አንዳንድ» ተብሎ ተቃልሎላቸዋል። ሦስት ጥያቄ ባንድ ጊዜ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው የቀለለውን ነው፤ እሳቸውም «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ» ብለው ስለ ወደፊቱ ይጀምራሉ። ወደፊት ማለት ደግሞ ማንም ሄዶ ያላየው፣ ቁጥር የማይጠየቅበት አገር ነው።

ፈውሱ ይህ ነው፦ «ባለፈው ሐሙስ የሠፈሩን መስመር የዘጋው ማን ነው? በስንት ሰዓት?»

ልብ በሉ፤ የሹሙ እጅ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲሰማ ጣቶቹን አቆላልፎ የነበረው እጅ አሁን እስክሪብቶ ይፈልጋል፤ ከዚያ ስልክ ያነሣል። «አንዴ፤ ባለሙያውን ልጠይቅልህ።» ባለሙያው ይመጣል፤ ሸሚዙ ላይ የቅባት ነጠብጣብ አለ፤ ከሹሙ ጀርባ ይቆማል። «ሐሙስ እኮ የእነሱ ፈረቃ አልነበረም ጌታዬ፤ ፓምፑ ነው፤ መለዋወጫው ስላልተገዛ» ይላል። ክፍሉ ዝም ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ በ«ከዚህ አንጻር» የማይገኘው ነገር በአንድ ሐሙስ ተገኘ። ቀጣዩ ጥያቄ እንደሚከተለው በትሕትና ይቀርባል፦ «የግዥ ጥያቄው የቀረበበትን ደብዳቤ ላየው እችላለሁ?»

ስለዚህ፣ ቁጥር ጠይቆ ቁጥር የተሰጠውን ግሪሊን አስታውሰን፣ እንደነግጋለን፦ ጥያቄ ቀን ይኑረው፣ ቦታ ይኑረው፣ አድራጊ ይኑረው፣ ርዝመቱም ባንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ይሁን። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ላይ የአንባቢን ጥያቄ እየተቀበለ ይመልስበት የነበረው ዝነኛ ዓምድ ስሙ «አንድ ጥያቄ አለኝ» እንደ ነበር ይታወሳል። አንድ ነው የሚለው። አንባቢው ከየገጠሩ ፖስታ ሲልክ አንዱን ጥያቄ መርጦ መጻፍ እንደሚገባው ገብቶት ነበር፤ ደመወዝ የሚከፈለው ጋዜጠኛ ግን ሦስቱን አሥሮ ያመጣል። ጳውሎስ ራሱ የመደበኛ ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ያቋረጠ፣ የቀረውን በመጠየቅና በማንበብ የሞላ ሰው ነበር። ይህን ያነሣነው ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ ለሰቀሉ የሥራ ባልደረቦቻችን ነው፤ እኛም ሰቅለናል።

አንድ ነገር እንጨምር። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የከበረ መስሎ ይታያል፤ በመጀመሪያ ሲመጣ ግን ሰውን ወደ ጠበቃነት ይለውጠዋል። «እንዴት ሆነ?» ሲሉት ግን ተራኪ ይሆናል። ለምንን ተራኪው ከደከመ በኋላ ማምጣት ይሻላል።

ክፍል አራት፦ አንድምታ ዘመግለጫ

ጥያቄው ቢያምርም መልሱ ተሸፍኖ ሊመጣ ይችላል። የተሸፈነውን ለመፍታት ከአባቶች የወረስነው የአንድምታ ስልት አለ፤ እስከ ዛሬ በመግለጫ ላይ አለመዋሉ የትውልዱን ስንፍና ያሳያል። እነሆ።

ንባብ፦ «በትኩረት እየተሠራ ይገኛል።»

አንድም፦ ገና አልተጀመረም ሲል ነው። አንድም፦ ተጀምሮ በጀቱ ስላለቀ ቆሟል ሲል ነው። አንድም፦ እየተሠራ ነው፤ የሚሠራው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ እኛ ትኩረት እየሰጠን ነው ሲል ነው።

ንባብ፦ «አንዳንድ ክፍተቶች ነበሩ።»

አንድም፦ ገንዘብ ጠፍቷል። አንድም፦ ገንዘቡ አለ፣ ሰውዬው ነው የጠፋው። አንድም፦ ክፍተቱን የከፈተው ተናጋሪው ነው፤ «ነበሩ» ማለቱ ለራሱ ምሕረት ማድረጉ ነው።

ንባብ፦ «ጉዳዩ በሚመለከተው አካል ተይዟል።»

አንድም፦ የሚመለከተው አካል እኔ ነኝ፤ ግን አትጠይቀኝ። አንድም፦ እኔ አይደለሁም፤ ማን እንደ ሆነም አላውቅም። አንድም፦ የሚመለከተው የተባለው ከመላእክት ወገን ነው፤ እንዳይባል ግን መላእክት ረቂቃን ናቸው፣ አካል የላቸውም። ይህ ምሥጢር ነው፤ እዚህ ላይ እንተወዋለን።

ንባብ፦ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው።»

ይህኛው አንድም የለውም። ጊዜ ስጠኝ ማለት ብቻ ነው።

ከላይ ያሉት ንባባት ሁሉ አድራጊ የላቸውም። ይሠራል፣ ይሰጣል፣ ይቀመጣል፣ ይያዛል፤ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያስቀምጥ ግን አይነገርም። ጋዜጠኛው መድኀኒቱን በኪሱ ይዞ መሄድ አለበት፤ «ማን?»፣ «መቼ?»፣ «በስንት ብር?»። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ እንዳይሰነዝራቸው ቀደም ብለን አስጠንቅቀናል።

ሆኖም ሐተታችን ለሹሙም ይፈርዳል። ብዙ ጊዜ ሹሙ የሚሸሸው እውነቱን ጠልቶ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ግምገማ ፈርቶ ነው። ዛሬ በስሙ የወጣች አንዲት ቁጥር ነገ በስብሰባ ላይ ተነሥታ «ማን ፈቅዶልህ ነው?» ትለዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው ይበልጥ ማፋጠጥ ይበልጥ ማደንቆር ነው። «እርስዎ ሊናገሩት እንደማይችሉ እረዳለሁ፤ ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ካለ ገጹን ቢያሳዩኝ?» ሲሉት ግን ትከሻው ይወርዳል። ወረቀቱ ይናገር፣ እሱ ይረፍ። ስለ ሹም ባሕርይ ከተጻፉት ሁሉ ይህች አንቀጽ ብትበልጥ አይገርመንም። ከሥልጣን የተነሣ ሹም ግን ወረቀትም አያስፈልገውም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ ሲሾም ያልተናገረም ሲሻር ይናገራል። ብቻ ስለ ሌሎች ጥፋት የሚያውቀውን ያህል ስለ ራሱም መጠየቅ አይረሳ።

ክፍል አምስት፦ ስለ ዝምታ፣ በብዙ ቃል

የአሜሪካው የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ሮበርት ካሮ ሰው ሲጠይቅ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ደጋግሞ ሁለት ፊደል ይጽፋል። የፊደሎቹ ምሥጢር «ዝም በል» ነው፤ ለራሱ የጻፈው ትእዛዝ ነው። እንግዳው ዝም ሲል ጠያቂው ባዶውን ለመሙላት ይጎመጃልና፣ እጁ እየጻፈ አፉን ያስራል። እኛም ለአገራችን ጋዜጠኞች «ዝ. በ.» የሚል አህጽሮት በደብተራቸው ጠርዝ እንዲጽፉ እናዝዛለን።

የዚሁ የካሮ ሌላ ዘዴ ከዚህ ይረቃል። ስለ ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን ሲያጠና የፕሬዝዳንቱ ወንድም ሳም ሂዩስተን ጆንሰን ሁሌ የተለመደውን ያማረ ተረት ይነግረው ነበር። ካሮ ሰውዬውን ቴክሳስ ውስጥ ወደሚገኘው የልጅነት ቤታቸው፣ ጎብኚዎች ከወጡ በኋላ ወሰደው፤ በእራት ገበታው ላይ ልጅ ሳለ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀመጠው፤ እርሱ ከኋላው፣ ከማይታይበት ተቀመጠ። አባትና ልጅ በዚያ ገበታ እንዴት ይጣሉ እንደ ነበር ጠየቀው። ሰውዬው ቀስ በቀስ ወደ ልጅነቱ ተመልሶ እየጮኸ ይናገር ጀመር። ከዚያ ካሮ እነዚያን ቀድሞ የነገረውን ያማሩ ታሪኮች እንዲደግምለት ሲጠይቀው፣ መድገም እንደማይችል መለሰ፤ ፈጽሞ አልሆኑምና። ይህን ያነበበ ጋዜጠኛ ሰውን ሁልጊዜ በሆቴል አዳራሽ፣ ከአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ለምን እንደሚያስቀምጥ ይመርምር።

በሌላ በኩል የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጄረሚ ፓክስማን አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1997 በቢቢሲ ኒውስናይት ላይ የቀድሞውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን፣ የወኅኒ ቤቶች ኃላፊውን ውሳኔ ልሽርብህ ነው ብለው አስፈራርተው እንደሆነ ጠየቃቸው። ሚኒስትሩ ሌላ ነገር መለሱ። ያንኑ ጥያቄ ሳይለውጥ ደገመ። 12 ጊዜ ያህል ጠየቀ። አገሩ ሁሉ ይህን እንደ ጽናት አብነት ሲያስተምር ኖሯል፤ እኛም አንድ ሙሉ ሕግ ልንመሠርትበት ነበር። ኋላ ፓክስማን ራሱ የሚቀጥለው ዝግጅት ስላልደረሰ ጊዜ እንዲገፋ በጆሮ ማዳመጫው ተነግሮት እንደ ነበር ተናገረ። ሊቃውንት ሆይ፣ አትዘኑ። የተመልካቹ ዐይን ያየው ሚኒስትሩ አለመመለሳቸውን ነው፤ ሕጉም ይጸናል። ለኛ አገር ስንፈታው፦ አንድን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ያጣ ጋዜጠኛ፣ «ጥያቄዬን እንዳልመለሱልኝ ለአድማጮቼ ልንገራቸው?» ብሎ በአክብሮት ማስታወቅ ይበቃዋል።

ዝምታ በእኛ ዘንድ ለምን እንደሚከብድ ማስረዳትም ግድ ነው። ሲናገሩ የሚሰማ ሰው «እ…»፣ «አዎ»፣ «ልክ ነው»፣ «በእውነት»፣ «ኧረ!» ካላለ እንዳኮረፈ ይቆጠራል። ይህ ጨዋነት በቡና ላይ ያምራል፤ በቀረጻ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ሐሰት «ልክ ነው» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ራስን መነቅነቅ ይበቃል። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የመዓዛ ብሩን «የጨዋታ እንግዳ» የሰማ ሰው ይህን ያውቃል፤ እንግዳው ከትውልድ መንደሩና ከልጅነቱ ይጀምራል፣ ጊዜው አይጣደፍም፣ ጥያቄው ለስላሳ ሆኖ ይገባል፣ እንግዳውም እየተጫወተ ሳለ ራሱን ያገኘዋል። ጨዋታ ብላ መጥራቷ ብልሃት ነው። ምርመራ ቢባል ማን ይመጣ ነበር?

ክፍል ስድስት፦ ስለ ድፍረት

ኦሪያና ፋላቺ የምትባል ጣሊያናዊት ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ አበባ መጥታ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጠይቃ ነበር። ስለ ድህነት ጠየቀች፤ ስለ ሥልጣን ጠየቀች፤ በመጨረሻ ስለ ሞት አነሣች፤ ያን ጊዜ ንጉሡ ተቆጥተው አሰናበቷት። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ቁም ከተማ ላይ ከኢራኑ መሪ ከአያቶላ ሆመይኒ ፊት ቻዶር ስለሚባለው መሸፈኛ ተከራክራ የለበሰችውን አውልቃ ጣለችው፤ እሳቸው ተነሥተው ወጡ፤ እሷ ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ አልሄድም ብላ ቀረች፤ በማግስቱም ተመለሱላት። የኛ ፍርድ እንደሚከተለው ነው፦ ድፍረቷ ይደነቃል፤ ግን ማንም ጀማሪ ጋዜጠኛ በወረዳ ጽሕፈት ቤት አይሞክረው። ፋላቺ የምትመለስበት አውሮፕላን ነበራት።

ለዚህ አገር ልጅ የተሰጠው መሣሪያ ሌላ ነው፤ እርሱም አንቱታ ነው። «ክቡር ሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በፈረሙት ውል ላይ የተጻፈው ሕንጻ የት ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄ አክብሮቱ ሙሉ ነው፤ ስለቱም አልዶለደመም። የሚሳሳቱት አክብሮቱን ለመጠበቅ ሲሉ ጥያቄውን የሚተዉት ናቸው። ሌሎች ደግሞ ጥያቄውን ለማጥበቅ ሲሉ «አንተ» ወደ ማለት ይወርዳሉ፤ ያን ጊዜ አድማጭ ሕንጻውን ረስቶ ስለ ልጁ አስተዳደግ ያወራል።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዴቪድ ፍሮስት የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጠይቅ 600,000 ዶላር ከፍሎ ከ28 ሰዓት በላይ ቀረጸ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኒክሰን ጊዜውን በረጅም ትረካ ጨረሱት፤ የፍሮስት ሰዎች እንባ ሊቀድማቸው ደረሰ። ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት ላይ ሲደርሱ ፍሮስት መዝገቡን አብጠርጥሮ አጥንቶ ገባ፤ በወሳኟ ሰዓት የያዘውን ወረቀት አስቀምጦ ሰውየውን ፊት ለፊት አናገራቸው። ወረቀቱን ማስቀመጥ የቻለው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ስላወቀው ነው። ሳያነብ የገባ ጋዜጠኛ ወረቀቱን ቢያስቀምጥ የሚቀረው ባዶ እጅ ነው። እንግዳ ስለመግዛት ደግሞ፦ የእኛ ጣቢያዎች አበል ከፋዮች እንጂ ባለ 600,000 ዶላሮች ስላልሆኑ ሐተታው ያልፈዋል።

ክፍል ሰባት፦ ስለ መቅረጸ ድምፅ

ባትሪውን እይ። ሁለት ያዝ። የሺካጎው ዝነኛ ጠያቂ ስተድስ ተርክል በአሥርት ዓመታት ሥራው ውስጥ ቴፑን መንካት እንደማይችል ሰው ይደናበር ነበር፤ እንግዶቹም ሊረዱት ሲሉ ፍርሃታቸውን ይረሱ ነበር። ይህን ሰምቶ የሚደናበር ጀማሪ ግን ተርክል በመጨረሻ ድምፁን እንደ ቀረጸው ያስታውስ።

ክፍል ስምንት፦ ስለ ለቅሶ ቤት

እዚህ ላይ የሐተታችን ድምፅ ዝቅ ይበል። ጎርፍ ወይም አደጋ ሰው ሲወስድ አንዳንዱ ወጣት ጋዜጠኛ ማይክራፎኑን ከእናት አፍ ሥር ደቅኖ «ምን ተሰማዎት?» ይላል። ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ይወገዝ። እናት የተሰማትን አውቃ ብትነግረው ኖሮ መጽሐፍ ትጽፍ ነበር።

ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚጠየቅ ግን አገሬው ሁሉ ያውቃል። ደራሽ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ነክቶት ነው?» ይላል። ከሐዘንተኞቹ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም ጎረቤት፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ማክሰኞ ማታ ደኅና ነበር፤ እራቱን በልቶ ገባ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራኝ…»። ለሚቀጥለው ደራሽም እንደዚሁ ይደግማል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ አንዲት ቀድሞ ያልነገራትን ነገር ይጨምራል፦ «ሆስፒታሉ አልጋ የለም ብሎ መልሶን ነበር።» እዚያ ድንኳን ጥግ ላይ፣ ንፍሮውን ይዞ በዝምታ የተቀመጠ ጋዜጠኛ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ነገሩን ከነሰዓቱ ሰምቷል። ሲወጣ ወንድምየውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ማን እንደ ሆነና ምን ሊጽፍ እንዳሰበ ነግሮት፣ ፈቃዱን ይለምናል። ፈቃድ የሌለው ነገር ይቀራል። ጋዜጠኛ ነኝ ሳይሉ ሐዘንተኛ መስሎ መስማትና መጻፍ ሌብነት ነው፤ በዚህ ላይ አንድም የለንም።

ክፍል ዘጠኝ፦ ስለ ፍጻሜ ጥያቄና ከእርሱም በኋላ ስላለው

በአገራችን ቃለ መጠይቅ ሁሉ «ያልተነሣ ነገር ካለ፣ ማስተላለፍ የሚፈልጉት መልዕክት ካለ?» በሚል ይዘጋል። እንግዳው «ሁሉንም አንሥተነዋል፤ ኅብረተሰቡ የበኩሉን ይወጣ» ይላሉ። ይህ እንደ ቅዳሴ ማሰናበቻ የታወቀ ስለሆነ ልንሽረው አንሞክርም። ትኩረታችን ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ቀይ መብራቷ ትጠፋለች፤ ካሜራማኑ ገመዱን ይጠቀልላል፤ እንግዳው ውሃ ይጠጣሉ፣ ክራቫታቸውን ያላላሉ፣ ከዚያም «ይኸውልህ ልጄ፣ ዋናው ነገር እኮ…» ብለው ይጀምራሉ። ገመድ የሚጠቀልል ሁሉ እዚያ ላይ እጁን ያቁም። ጋዜጠኛው መሣሪያውን ሰርቆ መክፈት የለበትም፤ ይህ ሐቀኛ ሰው የሚያደርገው አይደለም፣ በማግስቱም ሰውየው በር ይዘጋሉ። «ይህን ብቀዳው ደስ ይለኛል፤ ይፈቅዱልኛል?» ይበል። ከሁለት እንግዶች አንዱ «አዎ» ይላሉ። የቀሩት «አይ፣ ይቅር» ቢሉም ወዴት መቆፈር እንዳለበት ነግረውታል።

ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ከእንግዳው ጋር የተጠጣው የማኪያቶ ሒሳብ ነው። እንግዳ አይከፍልም፤ ምነው ቢሉ፣ የጠጣነው ነገር በነገው ጽሑፍ ላይ ይጻፍብናልና። ጋዜጠኛው ይክፈል፤ ደረሰኝም ይቀበል። የዝግጅት ክፍሉ ሒሳብ ሹም ደረሰኙን አገላብጠው አይተው «ሁለት ማኪያቶ? ማን ጠጣው? በስንት ሰዓት? ማን ፈቀደ?» ይላሉ። ይህ ጸሐፊ ከእሳቸው የበለጠ ጠያቂ እስካሁን አላየም፤ ጣቢያው እሳቸውን ወደ ዜና ክፍል ያዛውርልን ሲል በዚህ ሐተታ በይፋ ያመለክታል።